የፊሊፒንስ የቤት ምግብና የልጅነት ጣዕም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሻርጃ ላይ ከሦስት ፊሊፒናውያን ጋር አንድ ወጥ ቤት ተጋርቼ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይህን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ፊሊፒኖዎች በየቀኑ የሚበሉት ምንድን ነው?

ሩዝ። ቁርስ ላይ ሩዝ፣ ምሳ ላይ ሩዝ፣ እራት ላይ ሩዝ። ዳቦና ፓስታ ቢበሉም እንደ መክሰስ ነው የሚቆጥሩት። ሩዝ ያልቀመሰ ሰው በላሁ አይልም።

ከሩዙ ጋር የሚቀርበው ነገር ሁሉ ኡላም ይባላል። የተጠበሰ ዓሣ ኡላም ነው። ሾርባም ኡላም ነው። ቤት ውስጥ ምንም ሲጠፋ አንድ ጥብስ እንቁላልም ኡላም ነው። ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፦ ሩዙን እንጀራ፣ ኡላሙን ወጥ አድርጋችሁ አስቡት። መረቅ ባይኖረውም ግን ኡላም መባሉ አይቀርም። ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ የምትጠይቀው "ዛሬ ኡላማችን ምንድን ነው?" ብላ ነው።

ሩዝ እዚያ ቤት ምን ያህል እንደሚከበር ከስሞቹ ብዛት ይታወቃል። ማሳ ላይ እያለ ፓላይ ነው። ሲፈለፈል ቢጋስ፣ ሲበስል ካኒን፣ ሲያድር ባሃው ይሆናል። ድስቱ ሥር ይዞ የሚቀረው ቡናማ ቅርፊት ደግሞ ቱቶንግ ይባላል። እሱን ብለው ድስት የሚፍቁ ልጆች አሉ። ያደረ ሩዝ አይጣልም፤ ጠዋት በብዙ ነጭ ሽንኩርት ይጠበስና ሲናንጋግ ይሆናል። ከጎኑ እንቁላልና ቋንጣ መሰል ጣፈጥ ያለ የበሬ ሥጋ ሲቀመጥ ታፕሲሎግ ይሉታል። ስሙ የሦስቱ ምግቦች ስም ተቆራርጦ የተሰፋ ነው። ከፊሊፒንስ ቁርሶች እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

በእጅ ነው የሚበሉት ወይስ በማንኪያ?

በሁለቱም። አዘቦት ቀን ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ይያዛል፤ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል። ቢላ ገበታ ላይ ብዙም አይታይም። በእጅ መብላት ካማያን ይባላል። ዘመድ ሲሰበሰብ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል። ሩዙ መሃል ለመሃል ይዘረጋል፤ ዓሣው፣ ሥጋውና ማንጎው ከላይ ይደረደራል። ሁሉም ከፊት ለፊቱ ይበላል። ሩዙን በጣቶች ሰብሰብ አድርጎ በአውራ ጣት ወደ አፍ መግፋት ነው ዘዴው። በእጅ መብላት ለእኔ ምን ይገርመኛል ብዬ ገብቼበት የመጀመሪያ ቀን ግማሹን ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩት።

እየበሉ ሳለ ሰው ብቅ ካለ "ካይን ታዮ!" ይሉታል። እንብላ ማለት ነው። "በልተሻል?" የሚለውም እንደ ሰላምታ ነው የሚያገለግለው። እዚህ ላይ ምንም የሚያስተምሩኝ አልነበረም።

ምግቡ ያቃጥላል?

አብዛኛው አያቃጥልም። በርበሬ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ላይ "ይሄ ነገር ገና አልተቀመመም እንዴ?" ይላል። ቅመማቸው ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና የሎረል ቅጠል ነው፤ የመጨረሻው ሱፐርማርኬት ውስጥ ቤይ ሊፍ ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ቅጠል ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት ማቁላላቱን ጊሳ ይሉታል። የእኛን ያህል ግን አያቆዩትም። ሽንኩርቱ ሳይቀላ ሌላው ይገባል።

የሚያቃጥል ከፈለጋችሁ ወደ ቢኮል ሂዱ። ከማኒላ ደቡብ ምሥራቅ ያለ አካባቢ ነው። እዚያ የኮኮናት ወተትና ቃሪያ አይለያዩም። ላይንግ የሚባለው ምግባቸው የደረቀ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ቀስ ብሎ የሚበስል ነው። ጎደሬን ለሥሩ ብቻ የምታውቁ ከሆነ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ስትቀምሱ ትገረማላችሁ። ግን በደንብ ይብሰል፤ ጥሬነት ካለው ጉሮሮ ያሳክካል።

በሌላው አካባቢ ማቃጠሉ ለበላተኛው የተተወ ነው። ገበታ ላይ ትንንሽ ሳህን ይቀርባል፦ አቼቶ በነጭ ሽንኩርት፣ ሶያ ሶስ ከሎሚ ጋር፣ ትንሿ ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ። ይህ ሳውሳዋን ይባላል። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ያስተካክላል። አብሳይዋ ፊት ጨው ብትጨምሩ የሚቀየም የለም። የእናቴን ወጥ ፊቷ ላይ ጨው ነስንሼበት ቢሆን ግን የሚከተለውን አውቃለሁ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ነገር ይኮመጥጣል?

የፊሊፒንስ ምግብ ልብ ያለው እዚህ ነው። አገሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ጠዋት የታረደ ሥጋ ለማታ አይደርስም ነበር። በአቼቶ የተቀቀለ ግን ቀናት ይቆያል።

አቼቶው ደግሞ ከደጅ ነው የሚመጣው። ከኮኮናት ዛፍ የአበባ ዘንግ የሚቀዳ ፈሳሽ አለ፤ ቱባ ይሉታል። ጠዋት ሲቀዳ ጣፋጭ ነው። ሲውል ሲያድር ያሰክራል። ከዚያ ሲያልፍ አቼቶ ይሆናል። ጠላ ጠምቆ የረሳ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። ቡላካን ውስጥ ያለችው ፓኦምቦንግ ኒፓ ከሚባል የረግረግ ዘንባባ በሚሠራ አቼቶዋ የታወቀች ናት። በሰሜን ያሉት ኢሎካኖዎች ከሸንኮራ አገዳ ጠቆር ያለ አቼቶ ያወጣሉ። አንዷ ጓደኛችን ኢሎካኖ ነበረች፤ ከአገሯ በመጣ ካርቶን ውስጥ ልብስ የተጠቀለለበት ጠርሙስ አይጠፋም። ልብሱን እኛ እንወስድ ነበር፤ ጠርሙሱን ግን አትሰጥም።

በዚህ ላይ የሚጎመዝዝ ፍሬ በየግቢው አለ፦ ሳምፓሎክ፣ ካሚያስ፣ ጥሬ ማንጎ፣ ካላማንሲ የምትባል ትንሽ ሎሚ። እያንዳንዱ ኮምጣጣነት ለየብቻው ነው። አዶቦ የሚሉት፣ በአቼቶ የሚበስለው ሥጋ፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ሲኒጋንግ የሚሉት ሾርባ ደግሞ ዓይን ያስጨፍናል። ኪኒላው ማለት ጥሬ ዓሣ በአቼቶ "የበሰለ" ነው፤ እሳት አይነካውም። እንጀራ የሚወድ ሰው ለዚህ ምግብ ግማሽ መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ። የአብሲት ጣዕም ውስጥ ያደገ ምላስ ኮምጣጣን አይፈራም።

አዶቦ እንዴት ነው የሚሠራው?

ለ1 ኪሎ ዶሮ፦ ግማሽ ኩባያ አቼቶ፣ ከዚያ ትንሽ ያነሰ ሶያ ሶስ፣ 8 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተጨፍልቆ፣ 3 የሎረል ቅጠል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 ኩባያ ውሃ። ሁሉንም ድስት ውስጥ ጨምሩና ጣዱት። መጀመሪያ አቁላሉ፣ ከዚያ ይህን ጨምሩ፣ ከዚያ ያንን የሚባል ነገር የለም። ከዶሮ ወጥ ለመጣ ሰው ስንፍና ይመስላል።

አንድ ሕግ አለ፦ አቼቶው እስኪፈላ አታማስሉት፣ ክዳኑንም ክፈቱት። አቴ ማማሰያውን ከእጄ የቀማችኝ በዚህ ምክንያት ነው። አቴ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ከእኛ በዕድሜ ትልቋን ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራት። ሳይፈላ ከተነካካ ጥሬ አቼቶ አቼቶ ይላል ብለው ያምናሉ። እውነትም ክፍት ድስት ላይ ሲፈላ ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ በእንፋሎት ይወጣል። ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ 35 ደቂቃ ያህል ተዉት። መረቁ ሲጎድል ዶሮውን አውጥታችሁ በትንሽ ዘይት ቀላ አድርጉትና መልሱት።

ጨው ሳትቀምሱ አትጨምሩ፤ ሶያ ሶሱ ብቻውን ይበቃዋል። ደግሞ በማግስቱ ይበልጣል። ይህን ስትሰሙ ዶሮ ወጥ ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም።

ለሲኒጋንግ ሳምፓሎክ ከሌለኝ በምን ላኮምጥጠው?

ሳምፓሎክ ዓረቦቹ ተመር ሂንዲ የሚሉት ነው፤ ገልፍ ያላችሁ በየሱፐርማርኬቱ ታገኙታላችሁ። በአማርኛ ሮቃ ይባላል። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በእጅ አሽታችሁ ማጥለል ነው። ከጠፋ ጥሬ ማንጎ ወይም የበሰለ ዘይቱን ይሠራል። ሎሚም ይሆናል፤ ግን ድስቱ ከወረደ በኋላ ጨምሩት፤ አብሮ ከፈላ ይመራል። በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው የከተማ ሰው የሚጠቀመው በከረጢት የታሸገውን ዱቄት ነው። እኛም ሥራ የዋልን ቀን እሱን እንቀደው ነበር።

የቀረው ቀላል ነው። ሥጋው ወይም ዓሣው ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ይቀቀላል፤ ዓሣ ከሆነ ከመጨረሻ ይግባ። ሩዝ ለሁለተኛ ጊዜ የታጠበበትን ውሃ እንደ መረቅ ይጠቀሙበታል፤ ትንሽ ያወፍረዋል። ጎደሬ ተቆርጦ ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል። ከዚያ ነጭ ፍጅል፣ ባሚያ፣ ፎሶሊያ፣ አንድ ሁለት ሙሉ ቃሪያ። መጨረሻ ላይ ካንግኮንግ የሚሉት ጎመን ይገባል፤ በቆስጣ ተክቼው የተቃወመ አልነበረም።

ያ የሚሸተው ነገር ምንድን ነው?

ከሦስቱ አንዱ ነው። ፓቲስ ከሆነ ከዓሣና ከጨው የሚጠል ቡናማ ፈሳሽ ነው፤ እንደ ጨው ይጠቀሙበታል። ባጎኦንግ ከሆነ ከትንንሽ ሽሪምፕ ወይም ከዓሣ በጨው ተብላልቶ የሚሠራ ድልህ መሰል ነገር ነው። ቱዮ ከሆነ ግን ደረቅ ጨዋማ ዓሣ እየተጠበሰ ነው፤ እሱን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ሰሞን መስኮት እየከፈትኩ እበሳጭ ነበር። አንድ ዓርብ እኔ ቅቤ ሳነጥር ሦስቱም አፍንጫቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ሽታ አንስተን አናውቅም። ጥሬ ማንጎ በባጎኦንግ ግን ሳትሞክሩ አትለፉት። ኮምጣጣው፣ ጨዋማውና ትንሽ ስኳሩ አንድ ላይ ሲመጡ ሽታው ይረሳል። ካረ-ካረ የሚባለውን የበሬ ጭራ በኦቾሎኒ መረቅም ያለ ባጎኦንግ አያቀርቡትም፤ መረቁ ራሱ ጨው አይበዛበትም።

ማሉንጋይ የሚሉት ቅጠል የእኛ ሽፈራው ነው?

የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የእነሱ በየአገሩ ሞሪንጋ የሚባለው ዝርያ ነው። ኮንሶ ውስጥ የሚበላው ሽፈራው ደግሞ ቅጠሉ ሰፋ ያለ የቅርብ ዘመዱ ነው። ጣዕማቸው አይራራቅም። ፊሊፒንስ ውስጥ ዛፉ በአጥር ጥግ ይበቅላል፤ ጎረቤት ሳይከፍል ቆርጦ ይሄዳል። ቲኖላ የሚባለው የዶሮ ሾርባ በዝንጅብል፣ በጥሬ ፓፓያና በዚህ ቅጠል ይሠራል። ለአራስ ወተት ያመጣል ብለው ያጠጧታል።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ምን ሊበላ ይችላል?

ብዙ ነገር። አሳማ በብዛት መብላታቸው እውነት ነው። በዓል ላይ ሙሉ አሳማ በፍም ላይ ይገለበጣል፤ ሌቾን ይባላል፤ የሴቡ ደሴት በዚህ ስሟ የገነነ ነው። ግን አዶቦ በዶሮ፣ ሲኒጋንግ በዓሣ ወይም በሽሪምፕ፣ ካረ-ካረ በበሬ ይሠራል። ባኮሎድ የምትባለው ከተማ ኢናሳል በሚባል የዶሮ ጥብስ ነው የምትታወቀው፤ በአቼቶ፣ በሎሚ ሣርና በካላማንሲ ይዘፈዘፋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተደብቆ በሚገባው ላይ ነው። ሉምፒያ የሚሉት ጥቅልል ሳምቡሳ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ አሳማ አለበት። ፓንሲት የሚባለው ኑድልም ውስጥ ቁርጥራጩ አይጠፋም። አትክልት ነው ያሏችሁ ነገር ላይም የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ሊነሰነስ ይችላል። "ማይ ባቦይ ባ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አሳማ አለው ወይ ማለት ነው። አይቀየሙም።

ደግሞ ፊሊፒንስ ማለት ካቶሊኮች ብቻ አይደለችም። በደቡብ፣ ሚንዳናኦና ሱሉ ውስጥ፣ ከስፔኖች መምጣት በፊት ጀምሮ ሙስሊሞች ይኖራሉ። ማራናዎዎች ፓላፓ የሚሉት ቅመም አላቸው፦ ቀጭን ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ አብሮ ይወቀጣል። የሚያቃጥል ነው፤ ለአዋዜ ሱሰኛ የተፈጠረ። ታውሱጎች ደግሞ ኮኮናት አክስለው ፈጭተው ቲዩላ ኢቱም የሚባል ጥቁር የሥጋ ሾርባ ይሠራሉ። ስለ ፊሊፒንስ ምግብ ሲወራ ይህ ወገን መዘለሉ ያናድደኛል።

በጾም የሚበላ አላቸው?

አላቸው፤ ግን ጠይቃችሁ። ካቶሊኮቹ በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ዓሣና ሽሪምፕ ግን ይበላሉ። ከዚህ የተነሣ ዓርብ የሙንጎ ቀን ሆኗል። ሙንጎ ማለት ማሾ ነው። ማሾው እስኪፈርስ ይቀቀላል። ለብቻው ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይቁላላና ይቀላቀላል። መጨረሻ ላይ የማሉንጋይ ቅጠል ይነሰነሳል። ፓቲሱን በጨው ከተካችሁት፣ የተጨመረውን ደረቅ ዓሣ ካስቀራችሁ፣ ፍጹም የጾም ነው። እኔ ዐቢይ ጾምን ስድስቱንም ዓመት በዚህ ነው ያሳለፍኩት ማለት እችላለሁ፤ ሽሮ ሲያልቅብኝ በተለይ።

ሌላው ዱባና ፎሶሊያ በኮኮናት ወተት ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የኮኮናት ወተት ይበቃል። ዱባው ከፊሉ ፈርሶ መረቁን ሲያወፍረው ነው የሚያምረው። ሽሪምፕ ስለሚያስገቡበት ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ የትኞቹን ምግቦች ያነሳሉ?

ዝናብ ሲሆን ቻምፖራዶ። ይህን ሦስቱም ያለ ልዩነት ነው የሚሉት። የሚያጣብቅ ሩዝ በካካዎ ተቀቅሎ እንደ አጥሚት ይጠጣል ወይም በማንኪያ ይበላል፤ ላዩ ላይ ወተት ይፈስበታል። ነገሩ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 ድረስ የስፔን መርከቦች በአካፑልኮና በማኒላ መካከል ይመላለሱ ነበር፤ ካካዎም አብሮ ተሻገረ። ሜክሲኮዎቹ በበቆሎ የሚሠሩትን ፊሊፒኖዎቹ በሩዝ አደረጉት። አሁን እንግዳው ክፍል፦ ከዚህ ጣፋጭ ገንፎ ጎን ቱዮ ይቀርባል። አዎ፣ ያ የሚሸተው ደረቅ ዓሣ። አንድ ማንኪያ ቸኮላት፣ አንድ ቁራሽ ዓሣ። ሳልቀምሰው ስቄባቸዋለሁ፤ ከቀመስኩት በኋላ ግን ደግሜ ጨለፍኩ። አውሎ ነፋስ መጣ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲደበደብ፣ እናት ይህን ይዛ ስትመጣ ነው እነሱ የሚያስታውሱት።

ጠዋት ደግሞ ታሆ። ትከሻው ላይ በእንጨት ሁለት የብረት ባልዲ ያንጠለጠለ ሰው በየሰፈሩ "ታሆኦኦ!" እያለ ይዞራል። በአንዱ ባልዲ እንደ እርጎ የለሰለሰ ሙቅ ቶፉ፣ በሌላው የተቃጠለ የስኳር ሽሮፕና ሳጎ የሚሏቸው ትንንሽ የሚለመጡ ኳሶች አሉ። ልጆች ኩባያ ይዘው በእንቅልፍ ልባቸው ይሮጣሉ። ፓንደሳል የተላከ ልጅም አለ፦ ሙቅ ትንንሽ ዳቦ በወረቀት ከረጢት፤ ቤት ሳይደርስ አንዱ ያልቃል። ከሰዓት ሜሪየንዳ ማለትም መክሰስ ነው፤ ሙዝ በስኳር ተጠብሶ በስንጥር ይሸጣል። ከዚያ ቃጭል እየመታ በጋሪ የሚዞረው አይስክሬም ሻጭ ይመጣል። አይስክሬሙን በኮን ብቻ ሳይሆን በዳቦ ውስጥም ይሰጣል። ከጣዕሞቹ አንዱ አይብ ነው፣ አንዱ ደግሞ ኡቤ፤ ኡቤ የቦዬ ዘመድ የሆነ ደማቅ ሐምራዊ ሥር ነው።

አቴ ግን የምታነሳው ሌላ ነው። ሎላ ይሏታል አያትን። የእሷ ሎላ ጫፏ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የተተከለባት አጭር በርጩማ ነበራት። እንደ ፈረስ ተቀምጣባት ኮኮናት ትፍቃለች። የልጆቹ ሥራ የተፋቀውን መጭመቅ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ወተት ለመጨረሻ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቀጭኑ ለመቀቀያ ይሆናል። አቴ ሻርጃ ላይ የቆርቆሮ ኮኮናት በከፈተች ቁጥር "ይሄ ውሃ ነው" ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትለው አልቀረችም።

ስፓጌቲያቸው ለምን ጣፋጭ ሆነ?

በሙዝ ኬቻፕ ስለሚሠራ። ላዩ ላይ የተከተፈ ሆትዶግና የተፈገፈገ አይብ አለው። የልጅ ልደት ያለ እሱ አይከበርም። ጣሊያን ያዩት እንደሆነ ያለቅሳሉ። ልጅ ግን ሳህኑን ይልሳል።

የሙዝ ኬቻፕ አባት ሳይሆን እናት አለው። ማሪያ ኦሮሳ ባታንጋስ ውስጥ የተወለደች፣ አሜሪካ ሲያትል ተምራ የተመለሰች የምግብ ኬሚስት ነበረች። የቲማቲም ኬቻፕ ከውጭ በሚገባበት አገር ሙዝ ተርፎ ይበሰብሳል። እሷ ሙዙን በአቼቶ፣ በስኳርና በቅመም ኬቻፕ አደረገችው፤ ቀይ ቀለም ተጨመረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአኩሪ አተር የሠራችው ዱቄት በጃፓኖች ለታሠሩ ሰዎች በድብቅ ይገባ ነበር። እሷ ራሷ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በማኒላ ውጊያ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሞተች። ስለዚህ በዚያ ስፓጌቲ ስትስቁ ቀስ በሉ።

ገና ሲመጣ ምን ይበላል?

ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ድረስ ዘጠኝ ቀን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ሲምባንግ ጋቢ ይባላል። ጎህ ሳይቀድ ሲወጡ በር ላይ ቢቢንካ ይጠብቃቸዋል። ቢቢንካ ድፎ ዳቦን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንም። የሸክላ ዕቃ ላይ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፤ የሩዝ ሊጥ በኮኮናት ወተት ተለውሶ ይገባል፤ ፍም ከሥርም ከላይም ይደረጋል። የኮባውን ሽታ የሚያስታውስ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ከጎኑ ፑቶ ቡምቦንግ አለ። በቀርከሃ ውስጥ በእንፋሎት የሚበስል ሐምራዊ ሩዝ ነው፤ ጥቁር ስኳርና ኮኮናት ይነሰነስበታል። የሰው ልደት ሲከበር ደግሞ ፓንሲት አይቀርም፤ ኑድሉ ረጅም ስለሆነ ዕድሜ ያረዝማል ይባላል። አትቁረጡት።

ባሉት የሚባለው እንቁላል እውነት ነው?

እውነት ነው። ጽንስ የያዘ የዳክዬ እንቁላል ከ14 እስከ 18 ቀን ከቆየ በኋላ ይቀቀላል። ማኒላ አጠገብ ያለችው ፓቴሮስ በዚህ የታወቀች ናት። የማታ መንገድ ላይ ምግብ እንጂ የቤት ምግብ አይደለም። ጫፉ ይሰበራል፣ መረቁ ይጠጣል፣ ጨው ወይም አቼቶ ይጨመርበታል። አቴ ራሷ አትበላውም ነበር። ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን እኔ አፌን ዘግቻለሁ።

ትክክለኛው አዶቦ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሁለት ፊሊፒናውያን ባሉበት ክፍል አታንሱ። በባታንጋስ በእርድ ቢጫ ያደርጉታል። በሌላ ቦታ የኮኮናት ወተት ይገባበታል። ሶያ ሶስ የሌለው ነጭ አዶቦ ነው የጥንቱ የሚሉም አሉ፤ ምክንያታቸው አይናቅም። በአቼቶና በጨው ማብሰሉ ከስፔኖች በፊት የነበረ ነው፤ ሶያ ሶስ ከቻይና ነጋዴዎች ጋር የመጣ ነው። ስሙ ብቻ ነው ስፔንኛ። እ.ኤ.አ. በ1613 በታተመ የአንድ ስፔናዊ መነኩሴ መዝገበ ቃላት ውስጥ ነገሩ "የአገሬው ሰዎች አዶቦ" ተብሎ ተጽፏል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ የንግድና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ለአዶቦ አሠራር ደረጃ አወጣለሁ ብሎ ነበር። ሕዝቡ ተነሣ። መሥሪያ ቤቱ "ለውጭ ማስተዋወቂያ ነው እንጂ ማንንም አናስገድድም" እያለ ማስረዳት ያዘ። ቤታችን ውስጥም ድስቱ ሁለት ነበር፦ አንዷ ስኳር ትጨምራለች፣ አቴ ስኳር የሚባል ነገር ስታይ ከወጥ ቤት ትወጣለች። የእኔ ድምፅ ለአቴ ነው።

አብራኝ የምትኖረው ፊሊፒናዊት አገሯ ናፍቋታል። ምን ልሥራላት?

አዶቦና ሲኒጋንግ አትሥሩላት። በደንብ ብትሠሩትም የእናቷ አይሆንም፤ እሷም ጨዋ ስለሆነች "ይጣፍጣል" ብላ ዝም ትላለች። ልዩነቱን ይበልጥ ያስታውሳታል።

ሉጋው ሥሩላት። ሲታመሙ የሚበሉት የሩዝ ገንፎ ነው፤ ማንም የእኔ ነው ብሎ አይጣላበትም። ብዙ ዝንጅብል በቀጭኑ ቁረጡና ከነጭ ሽንኩርትና ከሽንኩርት ጋር በዘይት አቁላሉ። የዶሮ ብልት ጨምሩ። አንድ ኩባያ ሩዝ፣ ከዚያ ስምንት ኩባያ ያህል ውሃ። ሩዙ እስኪፈርስ እያማሰላችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት። ቀቅላችሁ የላጣችሁት እንቁላል፣ የቀይ ሽንኩርት ቅጠልና ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ላዩ ላይ አድርጉ።

ጨው አሳንሱበት። ሎሚውንና ፓቲሱን አጠገቧ አስቀምጡላት። ራሷ ታስተካክለዋለች።